ታንኳዋ ቆማለች ወይስ ተኝታለች?

የኢየሩሳሌም አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ሥራዬን ያነሣሁት ጠባዬን ቶሎ እንድትረዱልኝ ብዬ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚገፋፋ፣ የሚጮህ፣ በኋላ በር ሾልኮ የሚገባ ሰው ስታስተናግድ የዋለች ሴት ማታ ቤቷ ስትገባ ብዙ ትዕግሥት አይተርፋትም። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝም ብዙ አልሰጠኝም። እናቴ፣ ነፍሷን በገነት ያኑራትና፣ "ይቺ ልጅ ከሆዴ የወጣችው ተቆጥታ ነው" ትል ነበር። አባዬም ዕድሜያቸውን ሙሉ "ቀስ በይ ልጄ፣ ጎረቤት ይሰማል" ሲሉኝ ኖረዋል።

ስለዚህ የአባዬን ታንኳ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ስላችሁ አትገረሙ። ይህን የምጽፈው ግን ለመናዘዝ አይደለም፤ ማመስገን ስላለብኝ ነው።

አባዬና እኔ የምንኖረው ከኢትዮጵያ መንገድ አንድ መታጠፊያ ዝቅ ብሎ ባለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው፤ ምድር ቤት። እሳቸው የደምቢያ ሰው ናቸው፤ የጣና ዳር ልጅ። አያቴ አንጥረኛ ነበሩ። የሠሩትን ማረሻና ማጭድ ማዶ ላለው ገበያ የሚያደርሱት በታንኳ ነበር፤ ታንኳ መሥራቱን ደግሞ አባዬ ገና በልጅነታቸው ከሐይቁ ዳር ወይጦዎች ተማሩ። እስራኤል ስንገባ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ መቫሰረት ጽዮን፣ የመቀበያ ጣቢያው ውስጥ ተቀመጥን፤ ከዚያ አባዬ የአንድ ትምህርት ቤት አትክልተኛ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ታንኳ አንድ ቀን ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ነገሩ የመጣው ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ነው። የዓይን ሐኪሟ ሳትሸፋፍን ነገረችን። ቀዶ ጥገናው ትንሽ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም፤ ከዓመት ወይም ከዓመት ተኩል በኋላ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም አያዩም አለች። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ከሐኪሟ ጋር ልጣላ ቃጣኝ፤ ጥፋቱ የሷ ይመስል። አባዬ ግን አመስግነው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ከዚያ ፌርማታው ላይ ተቀምጠን ሳለ እንዲህ አሉኝ፦

"ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ ነገር ማየት እፈልጋለሁ።"

"ምን፣ አባዬ?"

"ዳር።"

"የምን ዳር?"

"የውሃ ዳር። ዳር ቆሞ ውሃውንማ ማንም ያየዋል። እኔ ልጅ ሳለሁ ደስ የሚለኝ ውሃው መሐል ሆኜ ዘወር ስል ዳር የቆመው ሰው ሲታየኝ ነበር።"

"ይኼማ ምን ችግር አለው? ኪኔሬት ሐይቅ ወርደን መርከብ እንሳፈራለን።"

"እሱ መስኮት ያለው አውቶቡስ ነው። አልፈልገውም።"

"ምነው አባዬ! አውቶቡስ ምን በደለዎት?" አልኩ። ሳቁ። ያን ቀን ሁለታችንም መሳቅ መቻላችን አሁን ድረስ ይገርመኛል።

የአክስቴ ልጅ ሰሜን ውስጥ ዓሣ የሚረባበት ኩሬ ላይ ይሠራል። በኩሬው ዳር ደንገል በቅሎ እያስቸገራቸው በየዓመቱ ቆርጠው ይጥሉት ነበር። አባዬ ይህን ሲሰሙ በስልክ "እንዳትጥል! በሕግ አምላክ እንዳትጥል!" ብለው ጮኹ። የሚጮህ እኔ ብቻ አለመሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው። ልጁም አንድ ቴንደር መኪና ሙሉ ጭኖ መጣ፤ ደንገሉን የጋራ ግቢያችን ውስጥ ከሎሚው ዛፍ ሥር አራገፍነው። ከደረቀ በኋላ አባዬ በዳሰሳ እያሰሩ፣ በጉልበታቸው እየረገጡ፣ ዘጠኝ ክንድ የሆነች ታንኳ ሠሩ። ለሲግድ በዓል አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ስንወጣ መዳፋቸው በገመድ ተላልጦ ነበር።

ለብቻቸው አልሠሯትም። በኢትዮጵያ መንገድ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት መነኩሴ አሉ፤ ከጣና ደሴቶች በአንዱ ያደጉ ናቸው። ዳቦ ገዝተው በበራችን ሲያልፉ ደንገሉን አይተው ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ዳቦውን ሎሚው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉና ሳይጋበዙ ገቡ። አገር ቤት ቢሆን እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዲህ አይቀራረቡም ነበር። የእኛ ሰው ከክርስቲያን ጋር ከተነካካ ገላውን ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም ነበርና። እዚህ ግን አንዱ ሲያቀብል ሌላው ሲያስር፣ "አንቱ፣ ላላ" "አንቱ፣ አልላላም" እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። አባዬ እንደዚያ ሲያወሩ ሳይ፣ ለካ ስንት ዓመት የልባቸውን የሚያወራቸው አጥተው ኖረዋል አልኩ።

ታንኳዋ እንዳለቀች የቀዶ ጥገናው ቀን ደረሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ነፋስም አቧራም ውሃም ዓይናቸውን እንዳይነካ ተባለ። እንግዲህ ክረምቱ መሐል ገባ ማለት ነው፤ የኢየሩሳሌም ክረምት ደግሞ ዝናቡም ብርዱም የሚመጣው አብሮ ነው። በዚያ ላይ የሕንፃው ኮሚቴ "የጋራ ግቢ የጀልባ ማቆሚያ አይደለም፤ በሳምንት ውስጥ ይነሣ" የሚል ወረቀት በራችን ላይ ለጠፈ። ታንኳዋን የት እናቆያት? ከተበላሸች አባዬ ሌላ የሚሠሩበት ዓይን አይኖራቸውም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም አፉን ከፍቶ አልተናገረውም እንጂ።

መነኩሴው፣ "እኛ ግቢ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አለ። እዚያ ትቁም" አሉ።

"ደጅ? በዚህ ዝናብ?" አልኩ።

"ታንኳ ቦታዋ ደጅ ነው" አሉ አባዬም።

ደሜ ፈላ። ሁለት ሽማግሌዎች ተማክረው ያን ሁሉ ድካም ለዝናብ ሊሰጡት! "ጥር ላይ በረዶ ቢጥልስ? ሰው ቢሰርቃትስ? ለላግ ባኦሜር በዓል እሳት የሚያነዱት ልጆች እንጨት ሲለቅሙ ቆሞ ያገኙትን የሚተዉ መሰላችሁ? ከሕንፃው ሥር የዕቃ ማስቀመጫ ማህሳን አለን፤ ጣሪያ አለው፣ በር አለው፣ ቁልፍ አለው። እዚያ ትግባ!" አልኩ። ሌላም ያልተናገርኩት ነገር ነበረኝ፤ የእኛ ሰው 'የእነ እገሌ አባት ንብረታቸውን ቤተ ክርስቲያን አስገቡ' ብሎ እንዳያማን ፈርቼ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አባዬም፣ "እሺ። ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ" አሉ።

እኔም አፌን ሞልቼ "ለእኔ ይተዉት" አልኩ። ወፍራም ናይሎን ገዛሁ። ታንኳዋን ሦስት ዙር ጠቅልዬ፣ ጠርዙን በፕላስተር ለጥፌ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ወደ ማህሳኑ አውርደን በተበላሸ ማቀዝቀዣና በሁለት ብስክሌቶች መሐል አስተኛናት። ቁልፉን ከአውቶቡስ ቁልፌ ጋር አሰርኩት። የዚያን ዕለት በራሴ በጣም ነው የኮራሁት።

ዝናቡ ጀመረ። አባዬ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ መስኮት አጠገብ ይቀመጣሉ፤ የማህሳኑን ደረጃ መውረድ አይችሉም። ከሥራ ስገባ "ደኅና ናት?" ይሉኛል። "እንደ ሙሽራ ተሸፋፍና ተኝታለች" እላለሁ። አንድ ቀን እንኳን ወርጄ ሳላይ።

አንድ ቀን ጠዋት መነኩሴውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ከዴር ሡልጣን ገዳም በእግራቸው እየተመለሱ ነው። ሰላምታ እንኳን ሳንጨርስ፣ "ልጄ፣ ታንኳይቱ ቆማለች ወይስ ተኝታለች?" አሉኝ።

"ተኝታለች አባ፤ ተጠቅልላ።"

"ትቁም።"

"ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ አትቆምም።"

"እንግዲያ ቦታዋ አይደለም" አሉ።

ወይ ጉዴ! አሥራ ስምንት ሜትር አውቶቡስ በጠባብ መንገድ የማቆም ሴት፣ የአንዲት ታንኳ አቀማመጥ ልማር? በሳምንቱ ደግመው ያንኑ ሲጠይቁኝ፣ "አባ፣ እርስዎ ጸሎትዎን ይጸልዩ፤ ታንኳዋን ለእኔ ይተዉልኝ" አልኳቸው። ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም። እሳቸው ግን "እግዚአብሔር ያበርታሽ ልጄ" ብለውኝ አለፉ።

ብርዱ ሲጠና የኤሌክትሪክ ማሞቂያችንን ላወጣ ወደ ማህሳኑ ወረድኩ። በሩን ስከፍት ሽታው መታኝ። ናይሎኑ ከውስጥ በኩል ላብ አውጥቷል፤ ጠብታው እንደ ድስት ክዳን ተንጠልጥሏል። በቁልፌ ቀደድኩት። የታንኳዋ የኋላ በኩል ጥቁር ሻጋታ ለብሷል፤ ስጫነው ጣቴ እንደ ራሰ ዳቦ ሰመጠ። አንዲት የዝናብ ጠብታ አልነካቻትም፤ የራሷ እርጥበት ነው የበላት። የብስክሌቱ ጎማ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። 'ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ' ያሉኝ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። አፈር ልብላ! አልኩ። የአባቴን የመጨረሻ ምኞት በናይሎን ጠቅልዬ ገደልኩት።

ለአባዬ መንገር አልቻልኩም። በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሄድኩ። መነኩሴው ያንን ሁሉ ብልግናዬን ተሸክመው "ብዬሽ ነበር" ሊሉኝ ይችሉ ነበር፤ መብታቸው ነበር። አላሉም። ካባቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ "ነይ፣ ፀሐይ ሳትሄድ" አሉኝ።

ለሁለት ተሸክመን አወጣናት። እርጥበቱን ጠጥታ እንደ ድንጋይ ከብዳለች። ኢትዮጵያ መንገድ ጠባብ ስለሆነ ከኋላችን አንድ ታክሲ ጡሩምባውን እየነፋ ተከተለን፤ እኔም ታንኳዋን ትከሻዬ ላይ እንደያዝኩ ዞሬ የሚገባውን ነገርኩት። መነኩሴው ከፊት ሆነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

ግድግዳው ጋ ስናደርስ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አድርገን አቆምናት። ከሥሯ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። መነኩሴው በአውራ ጣታቸው ከታች ወደ ላይ ክንድ በክንድ ተጫኗትና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

"ከዚህ በታች ሞቷል" አሉ። "ከዚህ በላይ ነፍስ አለው።"

"ዝናብ ሲመጣስ፣ አባ?"

"ትጠጣለች። ቆማ ከሆነ መልሳ ታፈሰዋለች፤ ፀሐይ ሲወጣ ትደርቃለች። የሚገድላት ተሸፍኖ መተኛት ነው። ደግሞ በእኛ አገር ታንኳውን ቤት የሚያስገባ ማን አለ? ቤቱ ለባለቤቱስ መቼ በቃ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ከጸሎት ሲወጡ ሆዷን ወደ ፀሐይ ያዞራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጀርባዋን። በረዶ የጣለ ቀን በመጥረጊያ ሲያራግፉላት ደረስኩ። እኔ ከሥራ ስወጣ በየቀኑ እሄዳለሁ፤ አንድም ቀን ቀድሜያቸው አላውቅም። ስሜን እንኳን ጠይቀውኝ የማያውቁ ሰው፣ እንደዚያ የተናገርኳቸው ሰው፣ ለአባቴ ታንኳ ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ ሲያሳድዱ ከረሙ። ይህን ውለታ በምን እንደምከፍለው አላውቅም።

አባዬ አሁንም "ደኅና ናት?" ይሉኛል። "ደኅና ናት" እላለሁ፤ እያልኩም እቃጠላለሁ። ፋሲካ ወር ሲቀረው፣ በፑሪም በዓል፣ የዓይናቸው ፋሻ ተነሣ። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና "አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት" አልኩ።

"ስንት ክንድ ቀረ?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"የታንኳዋ ነዋ።"

እንደ ምንም "አምስት" አልኩ። "እንዴት አወቁ?"

"ያን ዕለት ስትገቢ ልብስሽ የሻገተ ደንገል ሸተተኝ። ዓይኔ ቢታሰር አፍንጫዬ አልታሰረ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ያን ሁሉ ቀን ስዋሽዎት!"

"ማግስቱን ስትገቢ ፀሐይ የመታው ደንገል ሸተትሽኝ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ። ታዲያ ምን ልናገርሽ?" አሉ።

እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እሳቸው ራሴን እየደባበሱ "ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል" አሉኝ።

የሞተውን ቆርጠን ጣልን። ግቢው ውስጥ፣ ያው ግድግዳ ሥር፣ አባዬ የተረፈውን እንደገና አሰሩት። ዓይናቸው ገመዱን በቅጡ አያየውም፤ ጣታቸው ግን አልረሳም። መነኩሴው ያዝ ያደርጉላቸዋል፤ እኔ እጎትታለሁ። ሲያልቅ አምስት ክንድ የማትሞላ አጭር ታንኳ ሆነች። አባዬ ዙሪያዋን ዳሰሷትና፣ "አንድ ሰው ትችላለች" አሉ።

አንድ ሰው! እኔ አብሬያቸው ልቀመጥ ነበር ያሰብኩት። እሳቸው ሲቀዝፉ እኔ ከፊት ሆኜ ግራ ቀኝ ልላቸው። አሁን ከሰማንያ ዓመት ያለፈ፣ ሁለቱም ዓይኑ ሊጠፋ የተቃረበ ሰው፣ እኔው ባበላሸኋት ግማሽ ታንኳ ብቻውን ውሃ ሊገባ ነው። "ሞቼ እገኛለሁ! አይሆንም!" አልኩ። አባዬ አልተከራከሩኝም። "እሺ፤ እንግዲያው እንተወው" ብቻ አሉ፤ ሄደውም መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለት ቀን እንደዚያ ሲቀመጡ አየሁ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ሠላሳ ሜትር ገመድና ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ገዝቼ ገባሁ።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ በሥራ ቀን፣ በአክስቴ ልጅ ቴንደር ኪኔሬት ወረድን። መነኩሴው በጥቁር ቀሚሳቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። ዳሩ ጭር ብሏል፤ ውሃው ረግቷል። አባዬ ሰደርያውን በሰንበት ኮታቸው ላይ አጠለቁ። ታንኳዋ ላይ በርከክ አሉ፤ ሸምበቆ መቅዘፊያቸውን ያዙ። እኔ ገመዱን ከታንኳዋ ኋላ አስሬ ጫፉን እጄ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠምኩት።

አንዴ ቀዘፉ። ሁለቴ። ጀርባቸው ቀጥ አለ። ያን ጀርባ ቀጥ ብሎ ካየሁት ስንት ዓመቴ! እኔ ግን መጮሄን አላቆምኩም። "ወደ ቀኝ! አይራቁ! ቀስ ይበሉ አባዬ!" ገመዱ ተዘርግቶ አለቀና እጄን ጎተተኝ። አባዬ ቆሙ። ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ወደ ውሃው እያዩ፣ "ልቀቂ!" አሉ።

መነኩሴውን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ ብለው ነበር አባዬ፤ በዚያ ዓይኔ ደግሞ ምን እንደሠራሁ አውቃለሁ። ከእጄ ላይ ፈታሁትና ለቀቅኩት። ገመዱ እየተሳበ ውሃው ውስጥ ገባ።

ራቁ። እኔ እጮሃለሁ። ምን እንደምጮህ አላውቀውም፤ ስማቸውን፣ አባዬን፣ አምላክን። ቢጫ ሻሼን ከራሴ አውልቄ እያውለበለብኩ እጮሃለሁ። አንድ ቦታ ላይ መቅዘፍ አቆሙ። ታንኳዋን ቀስ ብለው አዞሯትና ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ። እዚያው ቆዩ፤ በጣም ቆዩ። ከዚያ ያለ አንዳች መንጋደድ ወደ እኔ ቀጥ ብለው ቀዝፈው መጡ።

ጉልበቴ ድረስ ውሃ ገብቼ ታንኳዋን ያዝኩ። "እንዴት አገኙት መንገዱን? በዚያ ዓይንዎት!" አልኳቸው።

"ቢጫ ነገር የምታውለበልብ ሴትዮ ስትጮህ ነበር" አሉ። "ወደ እሷ ቀዘፍኩ።"

"ዳሩንስ? ዳሩን አዩት?"

"አየሁ አልኩሽ እኮ!" አሉ።

ይኸው ዓመት አለፈው። ሐኪሟ እንዳለችው ሆነ፤ አባዬ አሁን ብርሃንና ጨለማ ነው የሚለዩት። ታንኳዋ እዚያው ግድግዳ ሥር ቆማለች፤ መነኩሴው ጠዋት ሆዷን፣ ከሰዓት ጀርባዋን ያዞሯታል። እኔ ከሥራ ስመለስ ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ "አባዬ! መጣሁ!" ብዬ እጮሃለሁ። ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አባዬ አንድም ቀን "ቀስ በይ" ብለውኝ አያውቁም።